ኢንፈረንሻል ስታቲስቲክስ ለቢዝነስ ተማሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እህል በረንዳ ጤፍ ሊገዛ የሄደ ሰው የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ወደ ታች ይሰዳል። ከሆዱ ያወጣውን እፍኝ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያየዋል፣ እፍ ይለዋል። አፉ ላይ ማኛ፣ ሆዱ ውስጥ ሰርገኛ ሊሆን እንደሚችል ያውቃላ! ይሄ ሰው ስታቲስቲክስ አልተማረም። የኮርሱን ግማሽ ግን ያውቀዋል።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግና ኢኮኖሚክስ የሚማሩ ልጆች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ለምሳሌ የምንጠቀመው አንዲት ዳቦ ቤትን ነው። ዳቦ ቤቷም ቁጥሮቿም ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው።

ኢንፈረንሻል ስታቲስቲክስ ከዲስክሪፕቲቩ በምን ይለያል?

ዲስክሪፕቲቭ በእጃችሁ ስላለው ብቻ ይናገራል። 25 ዳቦ መዘናችሁ፤ አማካዩ 77 ግራም ሆነ። አለቀ። ስለ 25ቱ ዳቦ የሚከራከራችሁ የለም።

ኢንፈረንሻል ስላልመዘናችሁት ዳቦ ይናገራል። ዳቦ ቤቷ በቀን 4,000 ዳቦ ትጋግራለች እንበል። ከ25ቱ ተነስታችሁ ስለ 4,000ው የምትሉት ነገር ሁሉ ግምት ነው። ግምት ደግሞ ይስታል። ኮርሱ የሚያስተምረው «ብስት በምን ያህል እስታለሁ?» የሚለውን ማስላት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ስታንዳርድ ኤረሩም፣ ፒ-ቫልዩውም፣ ቲ-ቴስቱም፣ የአንድ ጥያቄ ልጆች ናቸው። ሌላ 25 ዳቦ አንስቼ ብመዝን ኖሮ ቁጥሬ ምን ያህል ይለወጥ ነበር? ይቺን ጥያቄ ያዟት። ፎርሙላው ሲጠፋባችሁ ወደሷ ተመለሱ።

ሁሉንም ቆጥሮ መገላገል አይሻልም?

ሲቻል ይሻላል። ብዙ ጊዜ ግን አይቻልም። አንዳንዱን ዕቃ ለመፈተሽ ማጥፋት የግድ ነው። የክብሪት ፋብሪካ ክብሪቱን ሁሉ ጭሮ ከፈተሸ ለገበያ የሚቀረው ባዶ ቀፎ ነው። ሌላው ጣጣ ጊዜና ገንዘብ ነው።

በሀገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እንዲያም ሆኖ ስለ ሕዝባችን የምንሰማው አዲስ ቁጥር አልጠፋም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቅ ያስሞላው 16,650 ቤተሰቦችን ነው። በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩት የሀገሪቱ ቤተሰቦች ጎን ሲቆም ኢምንት ነው። ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ፣ ስለ ሕፃናት ሞት ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር ብዙው ግን ከዚህ ዓይነት ናሙና የተነሣ ነው። የሚያስተማምነው አመራረጡ ነው። መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ወጡ። ቀጥሎ በየቦታው ካሉት ቤቶች እንደገና ዕጣ ወጣ። ማንም ጠያቂ ደጁ የቀረበውን ወይ ቡና ያፈላለትን ቤት አልመረጠም።

ስታንዳርድ ዲቪዬሽንና ስታንዳርድ ኤረር አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

ስታንዳርድ ዲቪዬሽን አንዱ ዳቦ ከሌላው ዳቦ ምን ያህል እንደሚራራቅ ይነግራችኋል። የእኛ 6 ግራም ይሁን። አንዱ ዳቦ 71 ይመዝናል፣ ሌላው 84፣ ሌላው 76። ስታንዳርድ ኤረር የሚናገረው ስለ አማካዩ ነው። እናንተ 25 ዳቦ መዝናችሁ 77 አገኛችሁ። ጓደኛችሁ ሌላ 25 ቢመዝን ምናልባት 78.1 ያገኛል። ሌላዋ 76.4። በእነዚህ አማካዮች መካከል ያለው መዋዠቅ ነው ስታንዳርድ ኤረር የሚባለው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ 6ን ለ25 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም ለ5 ታካፍላላችሁ። 1.2 ግራም።

ለምን ከ6 አነሰ? ከባዱና ቀላሉ ዳቦ አንድ ላይ ሲደመር ስለሚቻቻል ነው።

አሁን 25 ሳይሆን 100 ዳቦ መዘናችሁ እንበል። ዲቪዬሽኑ እዚያው 6 አካባቢ ይቆያል። ዳቦዎቹ አልተለወጡማ! ኤረሩ ግን ወደ 0.6 ይወርዳል። ልብ በሉ፤ ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ ድካሙ አራት እጥፍ ሆነ። ይሄ ስኩዌር ሩት የሚሉት ነገር ስንት የጥናት በጀት በልቷል።

መረጃዬ ደወል ካልመሰለ ሁሉም ነገር ይበላሻል?

አይበላሽም። ደወል የሚባለው መሀሉ ከፍ ብሎ ዳርና ዳሩ እኩል ዝቅ የሚል የስርጭት ቅርጽ ነው። የአንድ ሱቅ የቀን ሽያጭ ደወል አይመስልም። አብዛኛው ቀን ጭር ያለ ነው። የእንቁጣጣሽና የፋሲካ ዋዜማ ሲሆን ግን ሰማይ ይነካል። ሰንትራል ሊሚት ቲዎረም የሚለው እንዲህ ነው፦ የየቀኑ ሽያጭ ቅርጹ እንደፈለገ ቢጣመም፣ ከበቂ ናሙና የሚሰላው አማካይ ግን ስርጭቱ ወደ ደወል ይጠጋል። ደወል መምሰል ያለበት የአማካዩ ስርጭት ነው።

«በቂ» ስንት ነው? መምህሩ 30 ይላሉ። 30 ለአያያዝ እንዲመች የተያዘ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። መረጃው ብዙ ካልተንጋደደ ከ30 ባነሰም ይሠራል። እንደ ገቢ ወይም እንደ ባንክ ተቀማጭ ጥቂት ሰዎች ላይ የተቆለለ ከሆነ ግን 30 አይበቃም።

95 ፐርሰንት ኮንፊደንስ ኢንተርቫል በትክክል ምን ማለት ነው?

ኮንፊደንስ ኢንተርቫል እውነተኛው አማካይ ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል የምንገምትበት ወሰን ነው። መጀመሪያ እንሥራው። አማካያችን 77፣ ስታንዳርድ ኤረራችን 1.2 ነው። ናሙናው 25 ስለሆነ የነፃነት ዲግሪው፣ ማለትም የናሙናው ብዛት ሲቀነስ 1፣ 24 ነው። ከቲ ሰንጠረዥ ላይ የምናገኘው ቁጥር 2.064 ይሆናል። 2.064 ሲባዛ በ1.2 ወደ 2.5 ይጠጋል። ስለዚህ ወሰናችን ከ74.5 እስከ 79.5 ግራም ነው።

አሁን ትርጉሙ። ብዙ ተማሪ «እውነተኛው አማካይ በዚህ ወሰን ውስጥ የመሆን ዕድሉ 95 ፐርሰንት ነው» ብሎ ይጽፋል። ጠንቃቃ መምህር እዚህ ላይ ማርክ ይቀንሳል። የዳቦ ቤቷ እውነተኛ አማካይ አንድ ቁጥር ነው። አይንቀሳቀስም፤ እኛ አላወቅነውም እንጂ። የሚንቀሳቀሰው ወሰኑ ነው። 60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱ የራሱን 25 ዳቦ መዝኖ የራሱን ወሰን ቢሠራ፣ 57 ያህሉ እውነተኛውን ቁጥር ያቅፋሉ። ሦስት ያህሉ ይስቱታል። ማን እንደሳተ ግን ማንም አያውቅም። 95 ፐርሰንቱ የዘዴው ስም ነው። «ይሄ ዘዴ ከ100 ጊዜ 95ቱን አይስትም» ማለት ነው።

እውነት ለመናገር፣ ለአለቃ ሪፖርት ስትጽፉ ልዩነቱ ያን ያህል አያጣላም። ለፈተና ግን ያጣላል።

ነል ሃይፖቴሲስ ለምን ሁልጊዜ «ልዩነት የለም» ይላል?

ነል ሃይፖቴሲስ በመረጃ ልንፈትነው የምንነሳበት ግምት ነው። «ልዩነት የለም» የሚለው ማስላት የሚቻለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። «ዳቦው ይጎድላል» ብላችሁ ብትነሱ በስንት ግራም? በ1? በ4? መነሻ የላችሁም። «ዳቦው በአማካይ 80 ግራም ነው» ብትሉ ግን አንድ ቁጥር አላችሁ፤ ከእሱ ተነስታችሁ ታሰላላችሁ።

ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1935 የተረከው የሻይ ነገር ይሄን በደንብ ያሳያል። አንዲት ሴት ሻይ በወተት ሲቀርብላት ወተቱ ይቅደም ሻዩ ቀምሳ እንደምትለይ ትናገራለች። እንዴት እናረጋግጥ? 8 ስኒ ይቀርባል። በ4ቱ ወተት ቀድሟል፣ በ4ቱ ሻይ። ሴትየዋ 4 እና 4 መሆኑን ታውቃለች፤ ቅደም ተከተሉን ግን አታውቅም። ነል ሃይፖቴሲሱ «ዝም ብላ ነው የምትገምተው» ይላል። ከ8 ስኒ 4ቱን የመምረጫ መንገድ 70 ነው። በግምት ብቻ ሁሉንም ልክ የማግኘት ዕድሏ ከ70 አንድ፣ 0.014 ገደማ ነው። ሁሉንም ካገኘች «ገምታ ነው» ማለት ይከብዳል። ስለ ምላሷ ችሎታ ምንም ሳናውቅ ይሄን ማስላት ቻልን። የነል ጥቅሙ ይሄ ነው።

እኛ አገር ቢሆን የይርጋጨፌንና የሐረርን ቡና አሽትቼ እለያለሁ የሚል አይጠፋም። ስምንት ስኒ አቅርቡለት።

ፒ-ቫልዩ ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ።

ነል ሃይፖቴሲሱ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ እናንተ ያያችሁትን ያህል ወይም ከዚያ የራቀ ውጤት የማየት ዕድል ነው።

በዳቦው እንየው። ዳቦው 80 ግራም መሆን አለበት ተብሏል። እኛ 77 አገኘን። 3 ግራም ልዩነት ለ1.2 ሲካፈል 2.5 ይሆናል። ቲ ቫልዩው ይሄ ነው፤ ከ80 ስለጎደለ በኔጋቲቭ ይጻፋል። ትርጉሙ «ያገኘነው አማካይ ከተባለው በሁለት ተኩል ስታንዳርድ ኤረር ርቋል» ነው። በ24 የነፃነት ዲግሪ ፒ-ቫልዩው 0.02 ገደማ ነው። እንግዲህ የዳቦ ቤቷ እውነተኛ አማካይ 80 ቢሆን፣ በአጋጣሚ ብቻ 3 ግራምና ከዚያ በላይ የራቀ ናሙና የሚገጥመን ከ100 ጊዜ 2 ጊዜ ያህል ነው።

0.02 ማለት «አማካዩ 80 የመሆኑ ዕድል 2 ፐርሰንት ነው» ማለት አይደለም። «ውጤቴ 98 ፐርሰንት እርግጥ ነው» ማለትም አይደለም። ይሄ ስህተት በመመረቂያ ጽሑፎች ብቻ ሳይሆን በታተሙ ጥናቶችም ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር ስለ ፒ-ቫልዩ አተረጓጎም መግለጫ እስከማውጣት የደረሰው ነገሩ ስለበዛበት ነው። ሰምቶ የታረመ ሰው መኖሩን እንጃ።

0.05ን ማን ወሰነው?

በልማድ ፒ-ቫልዩው ከ0.05 ካነሰ ውጤቱ «ሲግኒፊካንት» ይባላል፤ ነሉም ውድቅ ይደረጋል። ይሄ መስመር ከሰማይ አልወረደም። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ከ20 አንድን እንደ ምቹ መለያ ተጠቀመበት። በዚያ ዘመን ሰው የሚሠራው በተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነበር። ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር ልማድ ሆነ፤ ልማዱ ደንብ ሆነ። ዛሬ 0.049 ያገኘ ይጨፍራል፣ 0.051 ያገኘ ያለቅሳል። በሁለቱ መካከል ያለው የማስረጃ ልዩነት ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። መስመሩን መረጃ ከማየታችሁ በፊት ወስኑ። ከዚያ በኋላ አታንቀሳቅሱት።

ዋን-ቴይልድና ቱ-ቴይልድን ስመርጥም ያው ነው?

ያው ነው፤ ቀድማችሁ ወስኑ። ዋን-ቴይልድ ልዩነቱን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈልጋል፣ ለምሳሌ መጉደሉን ብቻ፤ ቱ-ቴይልድ መጉደሉንም መብለጡንም ይፈልጋል። ለ24 የነፃነት ዲግሪ በ0.05 ቱ-ቴይልድ 2.064 ይጠይቃል፣ ዋን-ቴይልድ 1.711። ስለዚህ ዋን-ቴይልድ ይቀላል። ውጤቱን አይቶ ወደ ቀላሉ መዞር ግን ጎል ከገባ በኋላ መረቡን እንደማስፋት ነው። ከተጠራጠራችሁ ቱ-ቴይልድ ተጠቀሙ።

ዜድ ነው ቲ የምጠቀመው?

የጠቅላላውን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ካወቃችሁ ዜድ። ካላወቃችሁና ከናሙናው ከገመታችሁት ቲ። በተግባር አማካዩን ሳያውቅ ዲቪዬሽኑን የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነው። ስለዚህ ለአማካይ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቲ ነው። ለፐርሰንት ዜድ ትጠቀማላችሁ።

ቲ የመጣው ከቢራ ጠማቂ ነው። ዊልያም ጎሴት ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ቢራ ፋብሪካ ኬሚስት ነበር። ገብስና ሆፕስ መፈተሽ ሥራው ነው። እጁ ላይ ያለው ናሙና ደግሞ ጥቂት ብቻ። የዘመኑ ፎርሙላዎች ለትልቅ ናሙና የተሠሩ ስለነበሩ በትንሹ ላይ ሲሞከሩ ከመጠን በላይ ያስተማምናሉ። ጎሴት ይሄን የሚያርም ስሌት ሠራ። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ አይፈቅድም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ጽሑፉን ያወጣው «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም ነው። «ስቱደንትስ ቲ» የምትሉት እሱ ነው። የእናንተ የተማሪዎች ነገር መስሏችሁ ከነበረ ብቻችሁን አይደላችሁም።

መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ናሙናው 384 የሆነው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። መመረቂያዬን ስከላከል ገምጋሚው ገጹን ገልጠው «ለምን 384?» አሉኝ። «ፎርሙላው ስለሚል» አልኩ። «ፎርሙላው ምን ስለፈለገ?» አሉኝ። ቸክዬ ነበርና ዝም። ከዚያች ቀን ወዲህ ነው በደንብ የገባኝ።

ቁጥሩ የመጣው ከኮክራን ፎርሙላ ነው። ለ95 ፐርሰንት የሚሆነውን ዜድ፣ 1.96ን፣ በራሱ ታባዛላችሁ፤ 3.84። ፐርሰንቱ ስንት እንደሚሆን ስለማታውቁ መጥፎውን ገምታችሁ 0.5 ትላላችሁ። 0.5 ሲባዛ በ0.5 ደግሞ 0.25 ነው። የምትታገሡት ስህተት 5 ፐርሰንት ነው፤ በራሱ ሲባዛ 0.0025። 3.84 ሲባዛ በ0.25፣ ሲካፈል ለ0.0025፣ ይኸው 384። በደንቡ ወደ ላይ ተጠጋግቶ 385 መሆን ነበረበት። ያልመለሱ ሰዎችን ለማካካስ 10 ፐርሰንት የሚጨምሩት ደግሞ 423 ይጽፋሉ።

ሌላው ተወዳጅ ፎርሙላ የያማኔ ነው። ጠቅላላ ብዛቱን፣ «1 ሲደመር ጠቅላላ ብዛት ሲባዛ በ0.0025» ለሚለው ታካፍላላችሁ። ድርጅቱ 1,200 ሠራተኛ ካለው 1,200 ለ4፣ ማለትም 300። ጠቅላላው 100,000 ቢሆን 399። ብዛቱ ምንም ያህል ቢያድግ ከ400 አያልፍም። የያማኔው ፎርሙላ 1.96ን ወደ 2 አጠጋግቶ ነው የተሠራው።

አሁን ገምጋሚው የፈለጉትን መልስ ልስጣችሁ። አንደኛ፣ ሁለቱም የተሠሩት ፐርሰንት ለመገመት ነው። «ከደንበኞቹ ስንት እጁ ረክቷል?» ለሚል ጥያቄ ይሆናሉ። የእናንተ ጥናት ስድስት ቫሪያብል ያለው ሪግሬሽን፣ ማለትም አንዱን ቁጥር በሌሎች የሚገምት ስሌት፣ ከሆነ የሚያስፈልገው ስሌት ሌላ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱም ናሙናው በዕጣ እንደተመረጠ ይገምታሉ። 384 መጠይቅ ለጓደኛ፣ ለጓደኛ ጓደኛና ለቴሌግራም ግሩፕ በትኖ «የስህተት ወሰኔ 5 ፐርሰንት ነው» ማለት አይቻልም። ፎርሙላውን ተጠቅማችኋል፤ ቅድመ ሁኔታውን ግን ጥላችኋል። በዕጣ መምረጥ ካልቻላችሁ አልቻልኩም ብላችሁ ጻፉ። ነውር የለውም።

ናሙናው በጣም ትልቅ ከሆነ አመራረጡ ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. የ1936ቱን የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ስሙ። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። ተፎካካሪው ላንደን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን በሰፊው ያሸንፋል ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። አድራሻዎቹ በብዛት የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ በችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን ነው? በዚያ ላይ ካርዱን ሞልቶ የመለሰው ጥቂቱ ነው። የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢው ጋለፕ ደግሞ 50,000 ገደማ ሰው ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናገረ።

እጁን ጆንያው አፍ ላይ መቶ ጊዜ ያስገባ ሰው መቶ እፍኝ ማኛ ያያል። ሰርገኛው ግን እታች አለ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቦሌ አንድ ቅርንጫፍ በር ቆማችሁ 1,000 ሰው ጠይቃችሁ «የባንኩ ደንበኞች» ብትሉም ያው ነው።

ታይፕ ዋን እና ታይፕ ቱ ኤረር ይምታቱብኛል።

ታይፕ ዋን በከንቱ መጮህ ነው። ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ጠጋኝ ጠርታችሁ፣ ምርት አቁማችሁ፣ ገንዘብ ከፍላችሁ። ታይፕ ቱ መጮህ ሲገባ ዝም ማለት ነው። ዳቦው እየጎደለ «ደህና ነው» ብላችሁ ስትቀመጡ ተቆጣጣሪ መጥቶ ቤቱን ያሽገዋል። አንዱን ስታጠቡ ሌላው ይሰፋል። ሁለቱን አብሮ ማጥበብ የሚቻለው ናሙና በመጨመር ነው። የትኛው ይብሳል የሚለውን ስታቲስቲክስ አይመልስላችሁም። የሚመልሰው ኪሳችሁ ነው።

ሲግኒፊካንት ከሆነ ጠቃሚ ነው ማለት ነው?

ቃሉ ነው ያታለለን። በሚሊዮን የሚቆጠር ተጠቃሚ ያለው አፕሊኬሽን የአንዱን ቁልፍ ቀለም ቢቀይርና የአንድ ሰው አማካይ ግዢ በ20 ሳንቲም ቢጨምር፣ ፒ-ቫልዩው ሊያንስ ይችላል። ናሙና ሲገዝፍ ኢምንቱም ልዩነት ይታያል። 20 ሳንቲም ግን 20 ሳንቲም ነው። ለአንዱ ድርጅት ትርፍ ነው፣ ለሌላው ቀለም መቀየሪያውንም አይከፍልም። ስለዚህ «አለ ወይስ የለም?» ከማለት ጋር «ስንት ነው?» በሉ። ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ሁለቱንም ይመልሳል። ለዚህ ነው እኔ ከፒ-ቫልዩ እሱን የማስቀድመው።

የትኛውን ቴስት ልጠቀም?

ሁለት ቡድን በአማካይ ስታወዳድሩ ቲ-ቴስት። ያው ቅርንጫፎች ከሥልጠና በፊትና በኋላ ከሆኑ ፔርድ ቲ-ቴስት። ሦስትና ከዚያ በላይ ቡድን ከሆነ አኖቫ። ጾታና የክፍያ ዓይነትን የመሰሉ ምድቦችን ስታያይዙ ካይ-ስኩዌር። አንዱ ቁጥር በሌላው ሲገመት ሪግሬሽን። ሪግሬሽን ላይ አንድ ነገር፦ ማስታወቂያና ሽያጭ አብረው ስላደጉ ማስታወቂያው አሳደገው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሁለቱም የበዓል ሰሞን ይሆናል የጨመሩት።

ኤስፒኤስኤስ ሲግ የሚለው ላይ 0.000 ሰጠኝ። ዜሮ ነው ብዬ ልጻፍ?

አትጻፉ። ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሲግ የሚለው ፒ-ቫልዩውን ነው፤ ሦስት አኃዝ ብቻ ስለሚያሳይ ነው 0.000 ያለው። ቁጥሩ ትንሽ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። «ከ0.001 ያነሰ» ብላችሁ ጻፉ። ገምጋሚ በዚህች ይስቃል።

ምንም ሲግኒፊካንት ነገር አላገኘሁም። አማካሪዬ ምን ይሉኛል?

ጥሩ አማካሪ ከሆኑ «ጻፊው» ወይ «ጻፈው» ይላሉ። «ልዩነት አላገኘሁም» ውጤት ነው። «ልዩነት የለም» ግን አይደለም፤ ናሙናው አንሶ ይሆናል።

የሚያስፈራው ከዚህ በኋላ የሚደረገው ነው። ተማሪው ተስፋ ይቆርጥና ሁሉንም ከሁሉም ጋር ማጋጨት ይጀምራል። ዕድሜን ከእርካታ፣ ጾታን ከታማኝነት፣ ደመወዝን ከምናምን። ምንም ግንኙነት በሌለበት እርስ በርስ የማይነካኩ 20 ቴስቶችን በ0.05 ብትሠሩ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ ሲግኒፊካንት የመሆን ዕድሉ 64 ፐርሰንት ነው። 0.95ን 20 ጊዜ በራሱ አባዝታችሁ ከ1 ቀንሱ፤ ታገኙታላችሁ። ያችን አንዷን ብቻ ነቅሶ አውጥቶ መጻፍ ዓሣ ሳይኖር አሰገርኩ እንደማለት ነው። ስንት እንደሞከራችሁ ጻፉ።

አለቃዬ ስታቲስቲክስ አያውቁም። ውጤቱን እንዴት ልንገራቸው?

ፒ-ቫልዩ የሚለውን ቃል ከአፋችሁ አታውጡት። ወደ ዳቦ ቤታችን እንመለስ። ባለቤቷን «እትዬ፣ ነል ሃይፖቴሲሱን ውድቅ አድርገነዋል» ብትሏቸው ሻይ ጋብዘው ይሸኟችኋል።

እንዲህ በሏቸው፦ «እትዬ፣ 25 ዳቦ በዕጣ አንስተን መዝነን ነበር። ከ80 ግራሙ በአማካይ 3 ግራም ገደማ ይጎድላል። ሁሉንም ስላልመዘንን ቁጥሩ ሊዋዥቅ ይችላል። ቢያንስ ቢያንስ ግማሽ ግራም፣ ቢበዛ ደግሞ አምስት ተኩል ያህል እንገምታለን። በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም።»

እሳቸው ወዲያው ይጠይቃሉ፦ «ሊጥ መቁረጫው ነው ወይስ ልጆቹ ናቸው?»

ይሄን ናሙናችሁ አይመልስም። የጠዋቱንና የማታውን ፈረቃ ደባልቃችሁ ነው ያነሳችሁት። «እሱን ለማወቅ የሁለቱን ፈረቃ ዳቦ ለየብቻ መመዘን አለብን፣ እትዬ» በሏቸው። ሁለት ቡድን፣ ሁለት አማካይ፤ ቲ-ቴስት ነው። ሚዛኑን ግን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። የሳቸውም ይሆናል የሚያጎድለው።